የትብብር ፍቺ፦ ጠበቃዎ ፍርድ ቤት እንዳይቆም የሚፈርሙት ውል

ለፍቺ ጠበቃ የሚያዘው ችሎት ቆሞ እንዲከራከር ነው፤ ቢያንስ ብዙ ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው። የትብብር ፍቺ የሚባለው አሠራር የሚነሣው ከዚህ ተቃራኒ ነው። ባል የራሱን ጠበቃ ይይዛል፣ ሚስት የራሷን ትይዛለች፣ ከዚያ አራቱም አንድ ውል ላይ ይፈርማሉ። የውሉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ነገሩን ሳንካሰስ ተነጋግረን እንጨርሳለን፤ ካልተሳካና አንዳችን ክስ ከመሠረትን ሁለቱም ጠበቆች ከጉዳዩ ይወጣሉ፤ በክርክሩም ለማናችንም አይቆሙም።

ይህች አንቀጽ የሌለችበት ወረቀት፣ «በመከባበር»፣ «በቅን ልቦና» እያለ ቢያሸበርቅም፣ የትብብር ፍቺ ውል አይደለም፤ ተራ ድርድር ነው። ተራ ድርድር ነውር የለበትም። ግን ተራ ድርድር ላይ የተቀመጠ ጠበቃ አንድ ዓይኑ ሁልጊዜ ችሎቱ ላይ ነው። ዛሬ ያመንኩትን ነገ ዳኛ ፊት ያነሡብኛል ብሎ ይሰጋል፣ ሰነድ ሲጠየቅ ቆጥቦ ይሰጣል፣ ነገር ሲከርር «እንግዲያው ፍርድ ቤት እንገናኝ» ማለት ምንም አያስከፍለውም። በትብብር ፍቺ ይህን ዛቻ የሚሰነዝር ሰው መጀመሪያ የሚያጣው የራሱን ጠበቃ ነው። ጠበቃውም ጉዳዩ ችሎት ከደረሰ ሥራው እዚያው ያበቃል። ስለዚህ አራቱም ከክፍሉ ስምምነት ይዘው ቢወጡ ይሻላቸዋል። የአሠራሩ ጉልበት ያለው እዚህ ነው፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ወደ አደጋው ኋላ እንመለሳለን።

አሠራሩን የጀመረው ስቱ ዌብ የሚባል፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኒያፖሊስ ከተማ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. «ከእንግዲህ የፍቺ ጉዳይ ይዤ ችሎት አልቆምም፤ ደንበኞቼ መስማማት ካልቻሉ ለሌላ ጠበቃ አስረክቤ እወጣለሁ» የሚል አቋም ያዘ። ቴክሳስ በ2001 አሠራሩን በሕግ ደነገገችው። በ2009 ለአሜሪካ ግዛቶች ወጥ ሕጎችን የሚያረቅቀው ኮሚሽን ሞዴል ሕግ አወጣ፣ በ2010 አሻሻለው፤ ከዚያ ወዲህ ከ20 የሚበልጡ ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ተቀብለውታል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሥነ ምግባር ኮሚቴም በ2007፣ ደንበኛው ምን እንደሚያጣ በሚገባ ተረድቶ እስከፈቀደ ድረስ ጠበቃ እንዲህ ያለ ውል መግባት ይችላል ብሏል። ብሪታንያ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ውስጥም ይሠራበታል። ከዚህ በታች «ሞዴል ሕጉ» ስንል ይህንኑ የ2009/2010 ሕግ ነው። ልዩ ሕግ በሌለበት አገር አሠራሩ በውል ኃይል ብቻ ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ግን የምስጢር ጥበቃውና የጠበቆቹ መውጣት ጥንካሬያቸው በውሉ አጻጻፍና በአገሩ የውል ሕግ ልክ ነው፤ ከመፈረም በፊት ጠበቃዎን በግልጽ ይጠይቁ።

ከአስማሚነት ጋር አታምታቱት። አስማሚ አንድ ገለልተኛ ሰው ነው፤ ለማንም አይመክርም፤ ሚስት የማይጠቅማትን ነገር ስትቀበል ቢያይ እንኳ «ተዪው» ሊላት አይችልም። የግልግል ዳኝነትም ሌላ ነው፤ እዚያ ዳኛው በግል የተመረጠ ይሁን እንጂ የሚወስነው እሱ ነው። በትብብር ፍቺ የሚወስን ሦስተኛ ሰው የለም፤ ሁለቱም ግን አጠገባቸው የሚመክራቸው አለ።

ከመጀመሪያው ፊርማ በፊት

ጥሩ ጠበቃ ገና በመጀመሪያው ቀን ሌሎቹን መንገዶች ሁሉ ዘርዝሮ ያስረዳል፦ ራስን ችሎ መስማማት፣ አስማሚ፣ ተራ ድርድር፣ ክርክር። ሞዴል ሕጉም ይህን ግዴታ አድርጎበታል። የትብብር ፍቺን ብቻ እያወደሰ የሚሸጥልዎ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ልጅ የሌላቸው፣ ንብረታቸው አንድ የባንክ ሂሳብና የቤት ዕቃ የሆነ ባልና ሚስት፣ እንደኛ እምነት፣ ይህ ሁሉ ሥርዓት አያስፈልጋቸውም፤ የስምምነት ረቂቅ አስጽፈው ለየብቻ ቢያስመረምሩት ይበቃል።

ጠበቃውን የሚጠይቁት ጥያቄ አጭር ነው። በዚህ አሠራር ሠልጥኗል ወይ? ስንቱን ጉዳይ እስከ መጨረሻው አድርሷል? የፈረሱትስ ለምን ፈረሱ? ከሌላኛው ወገን ጠበቃ ጋር ከዚህ በፊት ሠርቷል? የመጨረሻው ጥያቄ ሰዎች የሚዘሉት ነው። «የባሌ ጠበቃ ከኔ ጠበቃ ጋር ቢግባባ ይሸጡኛል» የሚል ፍርሃት አለ። በተግባር የሚጎዳው ተቃራኒው ነው፤ የማይተማመኑ ሁለት ጠበቆች አንዲት ኢሜይል ለመጻጻፍ ሦስት ቀን ያጠፋሉ፣ ሂሳቡንም እርስዎ ይከፍላሉ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ማጣሪያ ቀልድ የለበትም። ጠበቃው ደንበኛውን ለብቻው አስቀምጦ ስለ ድብደባ፣ ማስፈራራት፣ ክትትልና ቁጥጥር መጠየቅ አለበት። በሞዴል ሕጉ መሠረት ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚያልቅ አይደለም፤ ሂደቱ እስኪያልቅ ይቀጥላል። ጥቃት ከነበረ ጠበቃው ሂደቱን ሊጀምር የሚችለው ተጠቂው ራሱ ሲፈልግና ደኅንነቱ ሊጠበቅ እንደሚችል በምክንያት ሲታመን ብቻ ነው። ዱላ ባይኖርም አስቡበት። ጫማ ለመግዛት ለአሥራ አምስት ዓመት ስታስፈቅድ የኖረች ሴት ከዚያው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጣ የጡረታ ገንዘብ ልትከራከር አትችልም፤ ጠበቃ አጠገቧ መቀመጡ ብቻውን ያንን አይሽረውም። ሱስ ያልለቀቀው ሰው፣ ልጅ ይዞ ሊጠፋ የሚችል ሰው፣ ዳኛ «ጥፋቱ የሱ ነው» እንዲልለት የሚፈልግ ሰውም ለዚህ መንገድ አይሆኑም። የመጨረሻው ፍላጎት ሰውኛ ነው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አይፈርድለትም።

ውሉ ውስጥ

ውሉ በጽሑፍ መሆን፣ በሁለቱም መፈረም፣ የሚፈታውን ጉዳይ መግለጽና የእያንዳንዱን ጠበቃ ስም መያዝ አለበት። ይህ ዝቅተኛው ነው። በጥንቃቄ መነበብ ያለባቸው ግን የሚከተሉት ነጥቦች ናቸው።

አንደኛ፣ እንዴት ይቋረጣል? ማንኛውም ወገን በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጥ፣ በጽሑፍ አሳውቆ መውጣት ይችላል። አንዱ ክስ ካቀረበም ሂደቱ በዚያው ያበቃል። ጠበቃዬን አልፈልገውም ብለው ቢያሰናብቱት ግን ወዲያው አይፈርስም፤ በሞዴል ሕጉ በ30 ቀን ውስጥ ሌላ የትብብር ጠበቃ ከያዙና ሁሉም ሂደቱ እንዲቀጥል በጽሑፍ ካረጋገጡ ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ የጠበቃው መውጣት እስከ የት ይደርሳል? በሞዴል ሕጉ ጠበቃው ብቻ ሳይሆን አብረውት በአንድ የጥብቅና ድርጅት የሚሠሩ ባልደረቦቹም ጭምር ክርክሩን ሊይዙ አይችሉም። ገንዘብ ለሌላቸው በነፃ የሚቆሙ ድርጅቶች በተወሰነ ሁኔታ ልዩ አስተያየት አላቸው። ጠበቃው ፍርድ ቤት ሊቆም የሚችልባቸው በሮች ሁለት ናቸው፦ ያለቀውን ስምምነት ለማስጸደቅ፣ እንዲሁም የአንድ ሰው ጤና ወይም ደኅንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ ሌላ ጠበቃ እስኪተካ ድረስ አስቸኳይ ትእዛዝ ለመጠየቅ።

ሦስተኛ፣ ምስጢሩ። በስብሰባ የተባለ ነገር በኋላ ክርክር ውስጥ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ይጠበቃል። ሰዎች ይህን አንብበው የባንክ መግለጫቸውም ምስጢር የሆነ ይመስላቸዋል። አይደለም። ባል በስብሰባ ላይ «ቤቱን ልለቅላት ዝግጁ ነኝ» ብሎ ከሆነ ያ ንግግር ይጠበቃል፤ ያሳየው የባንክ መግለጫ ግን ከስብሰባው በፊትም ሊገኝ የሚችል ሰነድ ስለነበረ፣ በኋላም ፍርድ ቤት ሊያስቀርበው ይችላል። በአካል ላይ ጉዳት አደርሳለሁ የሚል ዛቻ፣ ወንጀል ለማቀድ የተነገረ ቃል፣ በልጅ ላይ የተፈጸመ በደልም ምስጢር አይሆንም።

አራተኛ፣ እስከዚያው ማን ምን አያደርግም? ንብረት አይሸጥም፣ አዲስ ብድር አይወሰድም፣ የጤናና የሕይወት ኢንሹራንስ አይቋረጥም፣ ልጆች ያለ ሌላው ፈቃድ ከአገር አይወጡም። ፍርድ ቤት የሰጠው እግድ ስለሌለ እነዚህ የሚያዙት በውሉ ብቻ ነው፤ ካልተጻፉ የሉም። የመብት ይርጋ በሂደቱ ጊዜ እንደማይቆጠር፣ ንብረትም በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚገመት አብሮ መጻፍ አለበት። ይህን የዘነጉ ሰዎች ስምንት ወር ከተደራደሩ በኋላ ሂደቱ ሲፈርስ፣ ክስ ማቅረቢያው ጊዜ አልፎባቸው ወይም የንብረቱ ዋጋ በየትኛው ወር ይቆጠር በሚል አዲስ ክርክር ተጠምደው ይገኛሉ።

ሰነዱ

በክርክር ውስጥ ባንክ ደብዳቤ ተጽፎለት መግለጫ እንዲልክ ይታዘዛል፣ ምስክር ይምላል። እዚህ ያ ሁሉ የለም። እያንዳንዱ ወገን የተጠየቀውን በወቅቱ፣ በሙሉና በግልጽ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ያቀረበው መረጃ ከተለወጠም ሳይጠየቅ ማስተካከል አለበት። የሚያስገድድ ኃይል ግን የለም።

የሚሰበሰበው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፦ የሦስት ዓመት የግብር ሰነድ፣ የሁሉም ባንክ ሂሳቦች የ12 ወር መግለጫ፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ ማስረጃ፣ የቤትና የመኪና ባለቤትነት ሰነድ፣ የብድር ቀሪ ሂሳብ፣ የጡረታና የአክሲዮን መግለጫ፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳ፤ ንግድ ካለ ደግሞ የትርፍና ኪሳራ መዝገብና የባለድርሻ ስምምነት። ከጋብቻ በፊት የተገኘ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ንብረት ካለ ለብቻ ይለያል፤ ይህን የሚያሳይ ወረቀት መፈለጊያው ጊዜም አሁን ነው፤ የአሥር ዓመት የባንክ መዝገብ በአንድ ሳምንት አይገኝም።

የተደበቀ ነገር የሚገኘው ወረቀቶቹን እርስ በርስ በማነጻጸር ነው። አንድ የግብር ሰነድ በዓመቱ 640 የወለድ ገቢ ተገኝቷል ይላል እንበል። በቀረበው የሂሳብ ዝርዝር ላይ ግን ወለድ የሚከፍል ቁጠባ የለም። 640 ከየት መጣ? ወለዱ 2 በመቶ ከሆነ ከኋላው 32,000 የተቀመጠበት ሂሳብ አለ ማለት ነው። መልሱ «ያኔ ዘጋሁት» ሊሆን ይችላል፤ እንግዲያው ገንዘቡ ወደየት ሂሳብ ተዛወረ? እንዲህ ዓይነቱን ክር የሚጎትተው ሁለቱ በጋራ የሚቀጥሩት ገለልተኛ የሂሳብ ባለሙያ ነው። ከዚህ ሌላ ሁለት መከላከያ አለ። እያንዳንዱ የንብረትና የዕዳ ዝርዝሩን በቃለ መሐላ እንዲፈርም ማድረግ፤ በመጨረሻው ስምምነት ውስጥም «ያልተገለጠ ንብረት ወደፊት ከተገኘ ይህን ያህሉ ለሌላው ወገን ይሆናል» የሚል አንቀጽ ማስገባት። ሌላው ወገን ሆን ብሎ እንደሚደብቅ አጥብቀው ከጠረጠሩ ግን በዚህ መንገድ አይግቡ። ፍርድ ቤት የማስገደድ ሥልጣን ያለው ለዚህ ነው።

ጠረጴዛው ላይ

ስብሰባው ባልና ሚስት ከነጠበቆቻቸው የሚገኙበት ሲሆን እንደ አስፈላጊነቱ ሌላ ባለሙያ ይጨመራል። አንዱ ስብሰባ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ይደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ለመገላገል ሲል ይፈርማል፣ በማግስቱም ይጸጸታል። አጀንዳው ቀድሞ ይላካል፣ ያላጀንዳው ነገር አይነሣም፣ የተስማሙበት በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይሰራጫል። ልጅና ቤት ያለበት ጉዳይ አምስት ስድስት ስብሰባ ቢወስድ አይገርምም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ገንዘብ ክፍፍል አይወራም። ውሉ በድምፅ ተነብቦ ይፈረማል፣ ሁለቱም የሚፈልጉትን ይናገራሉ፣ ጊዜ የማይሰጠው ነገር መፍትሔ ይደረግለታል፦ በዚህ ወር የቤቱን ብድር ማን ይከፍላል፣ ማን የት ያድራል፣ ልጆቹ ቅዳሜን የት ይውላሉ።

ከዚያ በኋላ ላለው ሥራ ዋናው ጥበብ፣ ሰው የሚለውንና የሚፈልገውን ለይቶ ማየት ነው። ሚስት «ቤቱን አልለቅም» ትላለች፤ ባልም «ይሸጥ፣ ግማሼን ስጪኝ» ይላል። ችሎት ቢሆን ሁለቱ ቃላት እንደቆሙ ክርክር ይከፈታል። እዚህ የሚጠየቀው «ቤቱ ቢቀር ምን ይቀርብሻል?» ነው። ልጇ በዚህ ሰፈር ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት እንደሚቀረውና ትምህርት ቤት መቀየር እንደሚከብደው ትናገራለች። ባልም ሲጠየቅ፣ ግማሹን የሚፈልገው ለመከራየት እንኳ ቅድሚያ ክፍያ ስለሌለው መሆኑ ይወጣል። አሁን ጥያቄው ሌላ ሆነ፦ ልጁ ሁለቱን ዓመት እዚያው እየተማረ አባትየው በሁለት ወር ውስጥ ቤት መከራያ ገንዘብ ከየት ያገኛል? ለዚህ ቢያንስ ሦስት መልስ ይገኛል፤ ከቁጠባው ቀድሞ ይሰጠው፣ የቤቱ ሽያጭ ለሁለት ዓመት ይዘግይ፣ ወይም እዚያው ሰፈር አነስ ያለ ቤት ተከራይተው ትልቁን ይሽጡት። ጠበቆቹ አማራጮቹን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ሁሉም ተጽፈው እስኪያልቁ ማንም «አይሆንም» አይልም። ይህች ትንሽ ደንብ የልጅ ጨዋታ ትመስላለች፤ ካልተከበረች ግን ሁለተኛው ሐሳብ ሳይነገር ስብሰባው ይበጠሳል።

ከስብሰባ ውጭ መደራደር የዚህ ሂደት ትል ነው። እኩለ ሌሊት ላይ በስልክ የተላከ መልእክት፣ ልጅ ሲያስረክቡ በር ላይ የተጣለች ቃል፣ በዘመድ በኩል የተላከ ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉም በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ይበላሉ። ለዚህ ነው አንዳንዶች የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚጨምሩት። ሕክምና አይሰጥም፤ ስብሰባ ላይ ንዴት እንዳያሸንፋቸው ያዘጋጃቸዋል። የሰዓት ክፍያው ከጠበቃ ካነሰ፣ ስሜት ላይ የሚያልፈውን ሰዓት ከሁለት ጠበቆች ፊት ይልቅ እሱ ጋር ማሳለፍ ለኪስም ይበጃል።

እኩል የሚመስል ክፍፍል

ባልና ሚስት ቤትና የጡረታ ቁጠባ አላቸው እንበል። ቤቱ 400,000 ያወጣል፣ ቀሪ ብድሩ 250,000 ነው፤ የተጣራው 150,000። የባል የጡረታ ቁጠባም 150,000 ነው። ሚስት ቤቱን፣ ባል ጡረታውን ይውሰዱ ቢባል ወረቀት ላይ እኩል ነው።

አሁን ወረድ ብለን እንቁጠር። ጡረታው ሲወጣ ግብር የሚከፈልበት ከሆነና ግብሩ 20 በመቶ ቢሆን፣ ባል እጁ የሚገባው 120,000 ነው፤ ያውም ከጡረታ ዕድሜ በፊት ሊነካው ላይችል ይችላል። ሚስት ቤቱን ብትሸጥ የሽያጭ ወጪው 6 በመቶ ቢሆን 24,000 ይሄዳል፤ ለሷም የሚተርፋት 126,000 ነው። እስካሁን ብዙ አልተራራቁም። ግን የቤቱ ወርሐዊ ክፍያ 1,750፣ የሷ ወርሐዊ ገቢ ደግሞ 3,500 ነው። ከገቢዋ ግማሹ ለብድር ሄዶ ጣሪያ ቢያፈስ፣ መብራት ቢጨምር፣ ልጅ ቢታመም ከየት ታመጣለች? በዓመቱ ቤቱን በችኮላ በወረደ ዋጋ ትሸጠዋለች። ክፍፍሉ እኩል ነበር፤ ያሸነፈች የመሰላት ሰው ግን ከሰረች። የሂሳብ ባለሙያው ከመፈረም በፊት የሁለቱንም የወር ገቢና ወጪ ለሦስትና ለአምስት ዓመት ዘርግቶ የሚያሳየው ይህን ለማስቀረት ነው።

ሌላ ወጥመድ አለ። ስምምነቱ «የቤቱን ብድር ሚስት ትከፍላለች» ቢልም ባንኩ የዚህ ስምምነት ወገን አይደለም። ብድሩ በሁለቱም ስም እስካለ እሷ ባትከፍል ባንኩ እሱን ይጠይቃል፤ እሱም ለሌላ ቤት ብድር ሲጠይቅ ያ ዕዳ ስሙ ላይ ይቆጠርበታል። ስለዚህ አንቀጹ «በ180 ቀን ውስጥ ብድሩን በስሟ ብቻ ታዛውራለች፤ ካልቻለች ቤቱ ለሽያጭ ይቀርባል» ማለት አለበት። ባንኩ እንደሚያበድራት ደግሞ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነው።

ልጆች

እዚህ ላይ ሰዎች ጥሩ ለመሆን ሲሉ ልቅ ቃል ይጽፋሉ። «አባት ልጆቹን በሚመቸው ጊዜ ያገኛል» የሚለው ሁለቱ ተግባብተው እስካሉ ድረስ ይሠራል፤ አንዱ አዲስ ትዳር ሲይዝ ወይም ሥራ ሲቀይር ግን ምንም አልተጻፈም ማለት ነው። ለማስፈጸምም አይመችም፤ ምን እንደተጣሰ የሚያሳይ ነገር የለበትምና። ከዚህ ጋር አወዳድሩት፦ «አባት ልጆቹን በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ከትምህርት ቤት ተቀብሎ እሑድ ማታ 12 ሰዓት ከእናት ቤት ያደርሳል። ከ30 ደቂቃ በላይ የሚዘገይ ያስታውቃል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቹ ከሁለቱም ጋር እኩል ጊዜ ያሳልፋሉ፤ ማን የመጀመሪያውን ግማሽ እንደሚወስድ በየዓመቱ ይቀያየራል።» አሰልቺ ነው፤ አሰልቺነቱ ጥሩ ነው።

የልጆች ባለሙያ ከተጨመረ ልጆቹን ለብቻቸው አነጋግሮ የሚያስጨንቃቸውን ለወላጆቹ ይነግራል። «ከማን ጋር ትሆናለህ?» ብሎ ምርጫ ውስጥ አይከታቸውም፤ ድምፃቸውን ግን ወደ ጠረጴዛው ያመጣል። ቀለብ ሲወሰን ደግሞ ወርሐዊው ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ የሕክምና፣ የትምህርትና የድንገተኛ ወጪ በስንት ለስንት እንደሚከፈል፣ ገቢ ሲቀየር መቼ እንደሚከለስ ይጻፍ። የልጅ ቀለብን ወላጆች ተስማምተው መተው አይችሉም፤ ዳኛ የሚመለከተው የልጁን ጥቅም ስለሆነ አነስ ያለውን ቀለብ ሊጥለው ይችላል።

ሲፈርስ

የጠበቆቹ መውጣት አንቀጽ ለሁለቱም እኩል ይመስላል፤ ክብደቱ ግን እኩል አይደለም። ሀብታሙ ወገን ሂደቱ ቢፈርስ ነገውኑ ሌላ ጠበቃ ይቀጥራል። ሌላኛዋ ያላትን ሁሉ ለመጀመሪያው ጠበቃ ከፍላ ጨርሳ ይሆናል፤ አዲሱ ጠበቃ ፋይሉን ከአንድ ጀምሮ ሲያነብ የሚከፈለው ገንዘብ የላትም። እናም የማትፈልገውን ስምምነት «ከሚፈርስ» ብላ ትፈርማለች። ከላይ አደጋ ያልነው ይህ ነው። የሚያቃልለው፣ የሁለቱም የጠበቃ ክፍያ ከጋራ ገንዘብ እንዲወጣ በመነሻው መስማማት፣ ለሌላ ጠበቃ መቅጠሪያ የሚሆን መጠባበቂያም ሳይነካ ማስቀመጥ ነው።

ሂደቱን ለማጓተት የሚጠቀሙም አሉ። ምልክቱ ይታወቃል፦ ስብሰባ ይሰረዛል፣ ሰነድ «በሚቀጥለው ሳምንት» ይባላል፣ የተስማሙበት ነገር እንደገና ይከፈታል፤ በመሐል ያ ሰው ቤቱ ውስጥ በነፃ ይኖራል። ለእያንዳንዱ ሰነድ ቀን ይቆረጥለት፤ ሁለት ጊዜ ካለፈ መውጣት ይሻላል። ዘጠኝ ወር ከተለፋ በኋላ መውጣት በሦስተኛው ወር ከመውጣት እጅግ ይከብዳል፤ ሰው «ይህን ያህል ከፍዬ» ይላልና።

ርካሽ ነው ብሎ የሚነግርዎትን አይመኑ። ሁለት ጠበቆች በሰዓት ያስከፍላሉ፣ ባለሙያዎቹም እንዲሁ። ምስክር ተሰምቶ፣ ይግባኝ ተጠይቆ ከሚያልቅ ክርክር ብዙውን ጊዜ ያንሳል፤ ከአስማሚ ጋር ከሚደረግ ስምምነት ግን ይበልጣል። ወጪውን የሚያሳድገው የጉዳዩ ውስብስብነት ብቻ አይደለም፤ ሰነድ ሳያዘጋጁ ስብሰባ መምጣት፣ ለእያንዳንዷ ጥያቄ ጠበቃ መደወልና የቤት ዕቃ ክፍፍልን ከሁለት ጠበቆች ፊት ማድረግም ነው። ሶፋውን ማን ይውሰድ የሚለውን ሁለታችሁ ብቻችሁን ዝርዝር ይዛችሁ ተራ በተራ ምረጡ።

ከፊርማ በኋላ

በስብሰባ ላይ «እሺ» መባሉና ቃለ ጉባኤ መጻፉ ስምምነት አያደርገውም። ተረቅቆ፣ እያንዳንዱ ከጠበቃው ጋር ለብቻው አንብቦ፣ ተፈርሞ፣ ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው እንደ ፍርድ የሚፈጸመው። ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ፈቃዳቸው ነፃ መሆኑንና የልጆቹ ጥቅም መጠበቁን ነው። ከፊርማ በፊት ረቂቁን ቢያንስ አንድ ሳምንት ያቆዩት።

ከጸደቀ በኋላ የሚረሱ ነገሮች አሉ፤ የጠበቃው ሥራ አልቋል ተብሎ ፋይሉ ሲዘጋ የሚቀሩ። የጡረታ ቁጠባ ለመክፈል ብዙ ቦታ ጡረታውን ለሚያስተዳድረው ድርጅት የሚቀርብ የተለየ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ የፍቺው ውሳኔ ብቻውን አይበቃም፤ ባለጡረታው ከሞተ ወይም ገንዘቡን ካወጣ በኋላ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሕይወት ኢንሹራንስና የባንክ ሂሳብ ላይ የተመዘገበው ተጠቃሚ ስም ይቀየር፤ አለበለዚያ ገንዘቡ የሚሄደው ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስም ሊሆን ይችላል። የቤት ካርታ ይዛወር፣ የጋራ ክሬዲት ካርድ ይዘጋ፣ ኑዛዜ ካለ ይታደስ። ለእያንዳንዱ ኃላፊው ማን እንደሆነና የመጨረሻ ቀኑ በስምምነቱ አባሪ ላይ ይጻፍ፤ ሁለቱ ጠበቆችም ከጸደቀ በ60ኛው ቀን አባሪውን አንድ በአንድ እየጠየቁ እንዲያመሳክሩ በመነሻው ውል ላይ ሰዓት ይያዝላቸው።